ሳባ በየትኛው በር ወጣች

ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለሳባ ጌታሁን፣

ከሰላምታ የሚቀድም ከባድ ዜና ስላለኝ ተቀምጠሽ አንብቢው። ለዘጠኝ ዓመታት ያለ ዕረፍት ያገለገለን የሕንጻ አሠሪ ኮሚቴው የማኅተም ቀለም ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሙሉ በሙሉ ደርቋል። በተደረገለት የውሃ ጠብታ ለሁለት ቀን ያህል ነፍስ ዘርቶ ነበር፤ ሆኖም በእነዚያ ቀናት የተመቱት ማኅተሞች የሻይ ብርጭቆ ያረፈበት ክብ መስለው ተገኝተዋል። ባለሱቁ ከድር ከጅማ አስመጣለሁ ብሎናል። እስከዚያው ይህ ደብዳቤ ያለ ማኅተም ይደርስሻል። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ለሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺው ገምቺው።

አሁን ሰላምታ። እንደምን አለሽ? የሀገሩ ብርድ ይለዝብልሽ፤ የተማርሽው ሁሉ ጭንቅላትሽ ውስጥ ይቀመጥልሽ። እኛ ደህና ነን። ልጄ ትዕግሥት ወሯ ገብቷል፤ ዳገቱን እሷ ትወጣዋለች፣ የማለከልከው እኔ ነኝ። እናትሽ ማናልሞሽ ከቴፒ ደውላ ነበር፤ ቡናው ስለቀላ ለቀማ ላይ ናት። የአክስቴ ልጅ ሆና ሳለ እንደ አለቃ ነው የምታናግረኝ። «ለልጄ ጻፍላት» ብላ አዝዛኛለች።

ደብዳቤውን እንደተለመደው ትዕግሥት በስልኳ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። ደውለህ ለምን አትነግራትም ትለኛለች። በስልክ የተነገረ ነገር ፋይል አይደረግም አልኳት።

ወደ ጉዳዩ። በቴሌቪዥን እንዳየነው፣ አንቺ በምትማሪበት ከተማ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በቁመት የሚስተካከላት የለም የተባለች አዲስ ካቴድራል በዚህ ወር አጋማሽ ልትባረክ ነው። ከአሮጌዋ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የጀመርነውን የእኛን ሕንጻ ታውቂዋለሽ። መሠረቱ ከተጣለ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ ምሰሶዎቹ ቆመዋል፤ ጣራ የለም። ቅኔ ማኅሌት በሚሆነው ቦታ ላይ አንድ ሙዝ ራሱን ተክሎ አፍርቷል፤ ፍሬው የማን ነው በሚለው ላይ ሁለት ስብሰባ ተቀምጠናል። ስለዚህ ኮሚቴው ሌሎች እንዴት እንደጨረሱ ለማወቅ አንቺን በሙሉ ድምፅ ልዑክ አድርጎ መርጦሻል። ሳልጠየቅ እንዳትይ፤ መጠየቁ ይኸው ነው።

የጣራው ውሃ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲገባም ጫማውን የት እንደሚያኖር አጣርተሽ ጻፊልን። የጫማው ነገር እዚህ ቀላል አይደለም። ባለፈው ክብረ በዓል ዝናብ ሲያዋክበን አርባ ጥንድ ጫማ ተዘባርቆ፣ እኔ ራሴ በአንድ እግሬ የራሴን በሌላው የመሪጌታ ማቴዎስን ተጫምቼ ቤቴ ገብቻለሁ። የእሱ ይጠባል።

የኮሚቴው ጸሐፊ፣
ዓለምሰገድ


ቡካሬስት፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ዓለምሰገድ፣

በማኅተሙ ቀለም መድረቅ የተሰማኝን ጥልቅ ኀዘን እየገለጽኩ፣ ለኮሚቴው አባላት መጽናናትን እመኛለሁ። እርስዎስ እንደምን አሉ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ትዕግሥትን እመቤታችን በሰላም ታገላግላት።

እኔ ደህና ነኝ። የምግብ ሳይንሱ ሁለተኛ ዓመት ላይ ደርሷል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሀገሩን ቋንቋ አልያዝኩትም። በአንድ ዓመት ያተረፍኩት ሰላምታ፣ ምስጋና፣ «ትንሽ ዳቦ» እና «እዚህ ልውረድ» ነው። ከዚያ ውጭ ለሚነገረኝ ሁሉ እሺ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። እስካሁን ችግር አላመጣብኝም።

ካቴድራሏን በአውቶቡስ በየቀኑ አልፋታለሁ። ከፓርላማቸው ሕንጻ ጀርባ ናት። የፓርላማው ሕንጻ ተራራ ነው የሚያህለው፤ እሷ ደግሞ ተራራውን በትከሻው ላይ አሻግራ ታያለች። ቁመቷ ከመቶ ሃያ ሜትር ይበልጣል ይላሉ። የእኛን ጫካ ትልልቅ ዛፎች ሦስቱን አንዱን በአንዱ ላይ አቁመው ይገምቱት። አውቶቡሱ በአጠገቧ ሲያልፍ ተሳፋሪው ሁሉ ያማትባል፤ ሹፌሩም መሪውን ለቅቆ። እነሱ ግን የሚያማትቡት ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ እኔ ከግራ ወደ ቀኝ። በየቀኑ ጠዋት አጠገቤ ከተቀመጠው ሰው ጋር በክርን እንጋጫለን።

ለኮሚቴው የሚያጽናና ዜና አለኝ። ትባረካለች እንጂ ሥራዋ ገና አላለቀም፤ አንድ ጎኗ ላይ አሁንም ሠራተኛ አያለሁ። ለሕዝብ ስትከፈት እገባና የታዘዝኩትን አጣራለሁ።

ልዑክዎ፣
ሳባ


ቡካሬስት፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓለምሰገድ፣

ጤናዎን ያብዛልኝ። ረቡዕ ዕለት ሄጄ ተልእኮዬን ፈጽሜያለሁ።

ሰልፉ ሰባት ሰዓት ፈጀ። ሚዛን መናኸሪያ የቴፒ መኪና እስኪሞላ መጠበቅን የለመደ ሰው ትዕግሥት አለኝ ብሎ ይኮራል፤ የእነዚህን ሳይ ግን አፈርኩ። ተጣጣፊ ወንበር፣ ፔርሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል ይዘው ነው የመጡት። ከፊቴ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ስማቸው ረጅም ስለሆነ በልቤ እማማ ሜሪ አልኳቸው። ፖም ሰጡኝ። ሰባት ሰዓት ሙሉ ያወሩኛል፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ ራሴን እነቀንቃለሁ። ስለ ልጆቻቸው ይመስለኛል፤ አንደኛው ሳያስቸግራቸው አልቀረም።

ውስጡን በምን ልንገርዎ? ግድግዳው፣ ቅስቱ፣ ጣራው ሁሉ ጥፍር በሚያህሉ ባለቀለም ጠጠሮች የተሳለ ነው። አንድ ሰው አንዷን ጠጠር አንሥቶ፣ አይቶ፣ በቦታዋ አስቀምጦ፣ ከዚያ ሌላዋን አንሥቷል። ይህን ስንት ሚሊዮን ጊዜ እንዳደረጉት ሳስብ አንገቴ ሳይሆን ጣቶቼ አመሙኝ። ቀና ብዬ ሳይ ነጠላዬ ከራሴ ላይ ወደቀ። ከሁሉም በላይ እመቤታችን ልጇን ይዛ ተስላለች፤ ሚዛን ላይ እሷን የሚችል ፎቅ የለም። የትም ቢቆሙ እርስዎን ነው የምታየው።

የጣራው ውሃ በወፍራም አሸንዳ ወርዶ መሬት ውስጥ ይገባል፤ ዝርዝሩን በሌላ ደብዳቤ እልካለሁ። ጫማ፦ እኔ እንደ ሕጋችን በሩ ላይ አወለቅኩ። ቀና ስል ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያወለቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። እነሱ ከነጫማቸው ነው የሚገቡት። መልሼ ልጫማ ብል እግሬ እምቢ አለኝ፤ በፌስታል ይዤው ገባሁ። እብነ በረዱ እንደ ስሙ በረዶ ነው። ስለዚህ የጫማ ማስቀመጫ የላቸውም።

በምዕራቡ በር ገባሁ። አየሁ፤ ጸለይኩ፤ ለትዕግሥት ሻማ አበራሁ። በሰሜን በኩል ባለችው ትንሽ በር ወጣሁ። ዝናብ ነበር።

ሳባ


ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለሳባ፣

ያበራሽው ሻማ ሠርቷል። ትዕግሥት ከትናንት ወዲያ፣ ኅዳር አንድ ቀን፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። ክብደቷ ሦስት ኪሎ ከሁለት ነው፤ ድምፅዋ ግን የሰባት ኪሎ ነው። እናቲቱ ደህና ናት። እኔ ገና አልተረጋጋሁም።

ደብዳቤዎችሽ ጥቅምት ሠላሳ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ተነበቡ። «ሥራዋ ገና አላለቀም» የምትለው ላይ ስደርስ እልል ተባለ፤ ድገምልን ተብዬ ደገምኩ። እግርሽን እብነ በረድ ላይ ስታሳርፊ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። መሪጌታ ማቴዎስ ግን እጁን አወጣ። እነዚያ ሰዎች በኬልቄዶን ጉባኤ ከእኛ የተለዩ ናቸው፣ ምናቸውን ነው የምናደንቀው ብሎ ጠየቀ። ሰዉ ተሸማቀቀ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ተነሥቶ «የምናደንቀው አሸንዳውን ነው» አለና አዳነን።

አሁን ዋናው ነገር። ሕፃኗ ሰማንያ ቀን የምትሞላው ጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርእዮ ማርያም ነው። ለክርስትና እናትነት ቤተሰቡ አንቺን መርጧል። በጥር ዕረፍት አለኝ፣ እመጣለሁ ብለሽ ስለነበር ቀኑ ልክክ ብሏል። ትዕግሥት ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በወሊድ ምክንያት ነው ብላለች።

ጉባኤው ደግሞ አንድ ነገር ሊያውቅ ይፈልጋል። በቴሌቪዥን ካየነው፣ መቅደሱን ከሚጋርደው የሥዕል ግድግዳ በስተኋላ፣ ካህናቱ በሚቀድሱበት በኩል፣ ምን አለ? እዚህ እንደምታውቂው ከካህንና ከዲያቆን በቀር ማንም መቅደስ አይገባም። እኔ ለዚች ቤተ ክርስቲያን ወረቀት መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የማውቀው መጋረጃውን ነው። ሦስት መጋረጃ ተቀይሯል። እነሱ ዘንድ ምናልባት ከሩቅ ይታይ እንደሆነ ጉባኤው ሊያውቅ ይፈልጋል።

ሌላም አለ። በምዕራብ በር ገብተሽ በሰሜን በር መውጣትሽን ጽፈሻል። በሁለቱ በሮች መካከል የሆነውን መዝገቡ አይገልጽም። ጠርጥሬሽ አይደለም፤ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ዓለምሰገድ


ቡካሬስት፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓለምሰገድ፣

እንኳን ለአያትነት አበቃዎ! ትዕግሥትን እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልኝ። ሕፃኗን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ።

ስለ አሸንዳው ቃል በገባሁት መሠረት ዝርዝሩ ይኸው። ከጉልላቶቹ የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ በጣራው ጠርዝ ወዳለው ቦይ ይገባል። ቦዩ ወደ ውጭ ዘንበል ያለ ነው፤ ወደ ውስጥ ቢያዘነብል ግድግዳውን ያረጥባል። ከቦዩ ጫፍ ላይ ቅጠል የሚያግድ ወንፊት አለ። ይህ ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የሚዛን ቅጠል ብዙ ነውና። ከወንፊቱ ቀጥሎ ያለው ቱቦ የክንዴን ርዝመት ያህል ውፍረት ይኖረዋል። በየአሥር እርምጃው በብረት ታስሮ ከግድግዳው ጋር ተያይዟል። የብረቱን ንድፍ ከታች ሥዬዋለሁ። ከጎን ሲታይም ሥዬዋለሁ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ፈተና እየደረሰ ነው።

ሳባ


ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለሳባ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን መርምሬዋለሁ። ስለ አሸንዳ ብዙ መስመርና ሁለት ሥዕል፤ ስለ ሕፃኗ ሁለት መስመር፤ ስለ ክርስትናው ምንም፤ ስለ በሩ ምንም። ለዚህ ዓይነት መልስ ፍርድ ቤት እያለን ስም ነበረን፤ አሁን ጾም ስለሆነ አልናገረውም።

ደብዳቤው በኅዳር አሥራ አራት ተነበበ። ስለ ወንፊቱ ስጨርስ አንዲት ሴት ከኋላ ተነሥታ፣ እንዲያው እስከ መቅደሱ ደጅ ደርሳ ይሆን ብላ ጠየቀች። መሪጌታ ማቴዎስ ደብዳቤዋ ይህን አይልም ብሎ ቀና አለ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። በዚያ ጊዜ «ደጁን ተሳልማ ተመለሰች» አልኩ። ከወረቀቱ የማነብ መስዬ ነው ያልኩት። በወረቀቱ የለም፤ ግን ጨዋ ልጅ የምታደርገው ይህንኑ ስለሆነ እንደተጻፈ ቆጠርኩት። መሪጌታም ደስ አለው። ወሬው ቴፒ ደርሶ እናትሽ ለለቃሚው ሁሉ እየነገረች ነው። ልጄ በሰው ሀገር ሥርዓቷን አልረሳችም እያለች የቡናውን ቅርጫት ሳታየው ትሞላለች አሉኝ።

አሁን የቀረው ያንቺ ቃል ነው። ጥር ሃያ አንድ ሕፃኗን ታቅፊያታለሽ ወይስ አታቅፊያትም? መምጣት ካልቻልሽ ለሌላ ሰው መንገር አለብን። ትዕግሥት ግን ሌላ ሰው አልታየኝም ብላ ነገሩን ዘግታዋለች። በአንቺ ዝምታ ተከፍታለች፤ አልነግራትም ብላ እኔን ነገረችኝ።

ጉባኤው አሁንም ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ሊያውቅ ይፈልጋል።

ዓለምሰገድ


ቡካሬስት፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ለማንም አያንብቡ። ትዕግሥት ስልኩን ስትሰጥዎ ይዘው ወደ ጓሮ ይሂዱ።

ደጁን ተሳልሜ አልተመለስኩም። ገብቻለሁ።

ሳላውቅ ነው። ጫማዬን በፌስታል ይዤ፣ በባዶ እግሬ፣ ከእማማ ሜሪ ኋላ ቆሜያለሁ። ሰልፉ ውስጥ ድረስ ገብቶ በገመድ የታጠረ ነበር። እማማ ሜሪ ዞር ሲሉ እግሬን አዩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ሰልፉን የሚያስተናብረውን ሰው ጠርተው እግሬን አሳዩት። ሰውየው እግሬን አየ፣ ፌስታሉን አየ፣ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ገመዱን አነሣልኝ።

ጋሼ፣ እኔ የጫማ ማስቀመጫውን ሊያሳዩኝ መስሎኝ ነበር። የኮሚቴው ጥያቄ መልስ ሊያገኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ተከተልኩት። ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል። አንዳንዱ ያማትባል፤ አንዲት ሴት የነጠላዬን ጫፍ ነክታ ሳመችው። እንዴት ያለ ጫማ የሚያከብር ሕዝብ ነው አልኩ። በሥዕሉ ግድግዳ ጎን አንዲት ትንሽ በር አለች። መደርደሪያው ከዚያ ውስጥ ይሆናል ብዬ ገባሁ።

መደርደሪያ አልነበረም።

የገባኝ አንድ እርምጃ ከገባሁ በኋላ ነው። አንድ ካህን ፈገግ ብለው ጠብቀው ግንባሬን በዘይት ቀቡኝ። ልመለስ ብል ከኋላዬ ሕዝብ አለ፤ በሩ ጠባብ ነው። ዓይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት እርምጃ ነው። በወዲያኛው በር ወጣሁ፤ እርስዎ የጠየቁኝ የሰሜኑ በር እሱ ነው። ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ጫማዬን ማድረግ አቃተኝ።

አብራኝ የምትኖረዋን ልጅ ማታውኑ ጠየቅኳት። በእነሱ ሥርዓት እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን በተባረከበት ሰሞን ምእመናን፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ በመቅደሱ ውስጥ ያልፋሉ አለችኝ። እኔን ቀድሜ እንዳልፍ ያደረጉኝ በባዶ እግሬ ስላዩኝ ነው። ከሩቅ ሀገር በባዶ እግሯ የመጣች፣ ከባድ ስእለት ያለባት ሰው መስያቸው ነው። ሥርዓት ላክብር ብዬ ባወለቅኩት ጫማ ሥርዓት አፈረስኩ።

ጉባኤው ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ማወቅ ይፈልጋል ብለዋል። መንበሩን ልነግርዎ አልችልም፤ ቀና ብዬ አላየሁትም። ያየሁት የነጭ ጨርቅ ጫፍ፣ የካህኑን ጫማ፣ ከጥግ በኩል ደግሞ አንድ መጥረጊያና አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ ነው። በባልዲው አፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግቷል። እዚያም ይጠረጋል ጋሼ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ባልዲውን ሳይ ፍርሃቴ ትንሽ ቀለለኝ።

ሕፃኗን ማቀፍ እፈልጋለሁ። ግን ይህን ደብቄ ላቅፋት አልችልም። እናቴ ደግሞ ቴፒ ላይ በእኔ እየማለች ነው። የንስሐ አባታችንን ያናግሩልኝ። አይሆንም ካሉ ለሌላ ሰው ይንገሩ፤ አልቀየምም። እቀየማለሁ፣ ግን በራሴ ነው።

ሳባ


ሚዛን ተፈሪ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለሳባ፣

ፈተናሽ እንዴት አለፈ? የዘገየሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ደብዳቤሽን ጓሮ፣ ከአቮካዶው ሥር ሆኜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለፋይል ቁጥር ልሰጠው ሞከርኩ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

በማግስቱ ባጃጅ ይዤ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ጉዳዩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። አባ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ባዶ እግሯን ነበረች?» አሉ።

«አዎ አባ።»

«ዓይኗን አቀርቅራ?»

«አሥራ ሰባት እርምጃ።»

«ሳታውቅ የገባች ልጅ የሰባት ቀን ስግደት ይበቃታል፤ በየቀኑ አርባ አንድ ትስገድ፤ ከዚያ መጥታ ሕፃኗን ትቀፍ። ዐውቀህ በዐውደ ምሕረት ላይ የዋሸኸውን አንተን ግን ምን ላድርግህ?»

እኔ ለአንቺ ምሕረት ልለምን የሄድኩ ሰው፣ የራሴን ቀኖና ተሸክሜ ተመለስኩ። የዋሸሁትን በዋሸሁበት ቦታ አርም ተባልኩ። ልሰናበት ስል አባ ዘንበል ብለው፣ ለመሆኑ ምን አየሁ አለች ብለው ጠየቁኝ። መጥረጊያውንና ሰማያዊውን ባልዲ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «የእኛ አረንጓዴ ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄ ያገኘሁት ይህን ነው፤ እስከ ቤቴ ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ባጃጅ መያዝ ረስቼ።

ለማንም አታንብብ ስላልሽኝ ያላንቺ ፈቃድ ምንም ማረም አልቻልኩም። ስለዚህ ደወልኩልሽ። ስልክ ስደውልልሽ የመጀመሪያዬ መሆኑን ታውቂያለሽ። አለቀስሽ፤ ቆይተሽ «ያንብቡት» አልሽ፤ «እናቴን ግን መጀመሪያ» አልሽ። በስልክ የተነገረ ፋይል ስለማይደረግ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ቴፒ የሄድኩት በሚኒባስ ነው። እናትሽ ቡና እያሰጣች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። የሚመጣውን ስድብ ልቀበል ተዘጋጀሁ።

«ባዶ እግሯን?» አለች። «በዚያ ብርድ? ካልሲ እንኳ አላደረገችም?»

በጉዳዩ ላይ ያቀረበችው ጥያቄ ይኸው ብቻ ነው። ለለቃሚዎቹ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ ብላ አሰናበተችኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ፣ ከቅዳሴ በኋላ ማረሚያው በእኔው አንደበት ተነበበ። አንብቤ ስጨርስ መሪጌታ ማቴዎስ እጁን አወጣ።

«መቅደስ ነው ካልን» አለ መሪጌታ፣ «ልጅቱ ቀኖናዋን ተቀብላለች፤ የሚቀር ነገር የለም። መቅደስ አይደለም ካልን ደግሞ፣ ልጅቱ በአዳራሽ ውስጥ አልፋለች፤ እኛ ግን ሁለት ወር ሙሉ የአዳራሽ አሸንዳ ስናደንቅ ከርመናል። ሁለተኛው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አልፈልግም።»

ተቀመጠ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ሳቀ። መሪጌታም በጢሙ ውስጥ ሳቀ መሰለኝ፤ አላስመዘገብኩትም። ቤት ስገባ ትዕግሥት ሕፃኗን ይዛ መጥታ፣ ሳባን ቶሎ ነይ በላት፣ የክርስትናውን ልብስ እኔ አሰፋለሁ አለችኝ።

ስግደትሽን ጨርሰሽ ነይ። ጥር ሃያ አንድ ከመንጋቱ በፊት ደጀ ሰላም እንጠብቅሻለን። የተነበበውን ማረሚያ ቃል በቃል አያይዤልሻለሁ።

ዓለምሰገድ


ማረሚያ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በዐውደ ምሕረት ከተነበበው ውስጥ፣ ልጃችን ሳባ ጌታሁን «ደጁን ተሳልማ ተመለሰች» የሚለው በደብዳቤው ያልነበረና በአንባቢው የተጨመረ በመሆኑ ተሰርዞ፣ «ሳታውቅ በባዶ እግሯ ገባች፤ አቀርቅራም ወጣች» ተብሎ እንዲነበብ።

እንዲሁም ኅዳር 3 እና ኅዳር 17 ቀን ለልጃችን በተጻፉት ደብዳቤዎች ውስጥ፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን «ጉባኤው ሊያውቅ ይፈልጋል» ተብሎ በተደጋጋሚ የሰፈረው፣ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመርምሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያልቀረበ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ «ዓለምሰገድ ሊያውቅ ይፈልጋል» ተብሎ እንዲታረም።